ፊልም አፍ ሲያወጣ

ኦርቪል ሃስኬት ቺካጎ ውስጥ በአንድ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። ሌላውን የሚያደነቁረው የማሽን ጩኸት እሱን ስለማይነካው፣ ጋዜጦቹ እንደ እሱ ያሉትን ፈልገው ይቀጥሩ ነበር።

ቅዳሜ ሲኒማ ቤት ሲገባ ግን ንጉሥ ነው። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን በየመሃሉ ሸራው ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ እንደ ማንም ያነባል፤ አልፎ ተርፎም የተዋናዮቹን ከንፈር ያነባል። አፍቃሪው ተንበርክኮ ሴቲቱን በስስት እያየ "ይሄ ጫማ ገደለኝ" ሲላት፣ ከአዳራሹ ሰው ሁሉ የሚስቁት ኦርቪልና ልጁ ዊኒ ብቻ ነበሩ። ዊኒ ትሰማለች፤ ከንፈር ማንበብ ግን ከአባቷ ተምራለች።

በኋላ ፊልም አፍ አወጣ። ኦርቪልም ሲኒማ መሄዱን ተወ።

"አባዬ፣ ስለ ጋዜጠኞች የሚያስቅ ፊልም መጥቷል" አለችው አንድ ቀን፣ በእጇ ምልክት። "የናንተው ጉድ ነው!"

"ጽሑፍ አለው?"

"የለውም። መዳፍህ ላይ እጽፍልሃለሁ።"

"የእነዚያን ለፍላፊዎች ወሬ? ጣትሽን ልትቀጪ ነው!"

ቀለደ እንጂ ልቡ ቆሟል። የናፈቀው ፊልሙን አልነበረም፤ ከልጁ ጋር መሳቅ ነው።

አብረው ገቡ። ፊልሙ ላይ ጋዜጠኞቹ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ፣ ሲጋራ በአፋቸው እንደነከሱ ስልክ ይሻማሉ። ሲጋራ የነከሰ ከንፈር ደግሞ አይነበብም። ዊኒ በጨለማው መዳፉን ይዛ ፊደል በፊደል ስትጽፍለት ቆየች። ወሬው ሲፈጥን ቃል ትዘል ጀመር። ወዲያው አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ዊኒም ሳቀች፣ ጣቷም ቆመ።

ምን አሉ? ብሎ በክርኑ ነካ አደረጋት።

"ቆይ" ብላ ጻፈችለት።

ቆየ። ሌላ ሳቅ መጣ፤ ሌላ "ቆይ"። ኦርቪል ሆዱ ባሰው። እንግዳ ሰው ያለ ቦታው ገብቶ እንደተቀመጠ ሁሉ አፈረ። እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ዊኒ አላወቀችም።

ያወቀችው ከወጡ በኋላ፣ መንገድ ላይ ነው። መብራት ሥር ስትደርስ ቆመች።

"አባዬ፣ እጅህን መቼ ነው የወሰድከው?"

"ስትስቂ።"

ዊኒ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰው እየገፋቸው ያልፋል። ከቦርሳዋ እርሳስ አውጥታ እንደ ሲጋራ ነከሰችና የአባቷን ኮፍያ ነጥቃ ደፋች።

"ከየት ልጀምር?" አለችው በሁለት እጇ።

"ከመጀመሪያዋ 'ቆይ'።"