ሆዷ የተነፋው ሚኒባስ

ውሃው ቤታችን መግባቱን ያወቅሁት በባለቤቴ ጫማ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ እሳት ላነድ ብነሳ፣ ከደጅ አውልቋት ያደረችው የላስቲክ ጫማው በበሩ ስር ሾልካ እየተንሳፈፈች ወደ እኔ መጣች። ፎገራ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ክረምት ውሃ ማሳ ላይ ሲተኛ አይቼ አውቃለሁ፣ ሩዛችንም የሚበቅለው በሱው ነው። ጫማ ይዞ ቤት ሲገባ ግን አይቼ አላውቅም። እስከ ዛሬም ያች ጫማ ከዓይኔ አልጠፋችም።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ቀሚሳችንን ሰብስበን በእግራችን እንወጣ ነበር። ያኔ ግን ልጄ ጥሩዬ አራስ ናት። በአገራችን ልማድ የመጀመሪያ ልጇን እኔ ዘንድ መጥታ ወልዳ፣ ብዙ ደም ፈሷት ነበርና ቀና ስትል ዓይኗ ይጨልማል። ሕፃኑም ገና ክርስትና አልተነሳም። ከእኛ ቤት ወደ አስፋልቱ በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ መኻል ደግሞ አንድ ረባዳ ቦታ አለ። የርብ ወንዝ ሞልቶ እሱን ከያዘው መውጫ የለም።

እግዜር ሲረዳን፣ አማቼ ደሳለኝ ሚስቱን ሊጠይቅ መጥቶ እኛ ቤት አድሮ ነበር። ወረታ ሚኒባስ ይነዳል። መኪናዋን ከፍ ካለው አውድማችን ላይ አቁሟታል። አራሷን ከነልጇ በጋቢ ጠቅልለን፣ ተሸክመን ከኋላ ወንበር አጋደምናት። «አትፍሪ፣ መኪና አለን» አልኋት።

ደሳለኝ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ክርርርር አለች እንጂ አልተነሳችም። ደግሞ አዞረ። ክርርርር። ትምህርቴ ፊደል ከመለየት አያልፍም፣ ስለ መኪናም አላውቅም፤ ግን የአማቼ ማጅራት በዚያ ብርድ ላብ ሲያወጣ አየሁ።

«ባትሪው ይሆን?» አለ ባለቤቴ ሞላ፣ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ።

«ባትሪው ቢሆን እንዲህ አይዞርም ነበር አባባ። ሞተሩን ልየው።»

ሞተሩን ማየት ግን አልተቻለም። ለካ የሚኒባስ ሞተር ያለው ከፊት ወንበር ስር ነው። ከፊት ወንበር ላይ ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ዶሯቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ማን እንደጠራቸው፣ መቼ እንደገቡ አላየንም።

«እትዬ፣ አንዴ ይነሱልኝ። ሞተሩ ከተቀመጡበት ስር ነው» አለ ደሳለኝ።

«ከቂጤ ስር ሞተር ምን ይሠራል? ቦታዬን ለሰው ልትሰጥብኝ ነው!»

«እውነቴን ነው እትዬ።»

«እኔ አልከብደውም። ዝም ብለህ አስነሳው!»

በስንት ልመና፣ ዶሮዋን እኔ ተቀብዬ፣ እሳቸውን ባለቤቴ ደግፎ አወረድናቸው። ዶሮዋ ደንግጣ ኩሷን ቀሚሴ ላይ ለቀቀችው።

ደሳለኝ ወንበሩን ገልብጦ ገባበት። ቤንዚኑን አየ፤ አለ። ካንዴላ የሚሏትን፣ እሳት የምትጭረዋን፣ ፈትቶ በሸሚዙ ጠርጎ ሞከራት፤ ትስ ትስ ብላ እሳት ተፋች።

«ቤንዚን አላት፣ እሳት አላት። ታዲያ ምን ጎደላት?» ብሎ ራሱን ያዘ።

«ዓይን ነው» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ማታ እኔው ራሴ አይቻት ‹አቤት ስታምር› ብያለሁ። እንትፍ ሳልል ነው የገባሁት።» ሄደው ጎማዋን እንትፍ አሉባት። ደሳለኝ አዞረ። ክርርርር።

«ሌላኛውንም ልበለው?» አሉ።

ባለቤቴ ሞላ ከብት አዋቂ ነው። ከሩቅ አይቶ የላም በሽታ ይናገራል። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መኪናዋን ከጭንቅላት እስከ ጅራት ተመለከታት።

«እኔ ልንገራችሁ» አለ። «ይች ሆዷ ተነፍቷል። በላች፣ ጠጣች፣ መውጫ አጣች። ላም እንዲህ ስትሆን ታቃስታለች እንጂ አትነሳም። ነገሩ ከኋላዋ ነው!»

አማች በአማቱ አይስቅምና ደሳለኝ ፊቱን ሞተሩ ውስጥ ቀበረ። እኔ ግን ጮህሁበት። «አንተ ሰውዬ! ውሃው ጎማዋ ስር ደርሷል፣ አንተ ስለ ላም ታወራለህ!»

እውነትም ውሃው አውድማውን መላስ ጀምሯል። ጥሩዬ ከጋቢው ውስጥ «እማዬ፣ ልጁን ይዘሽልኝ ሂጂ፤ እኔን ተዪኝ» አለችኝ። «ዝም በይ!» አልኋትና ጋቢውን አጠበቅሁባት።

«እንግፋትና እንሞክር» አለ ደሳለኝ። ከአውድማው ወደ መንገዱ ትንሽ ቁልቁለት አለ። የቀሩትን ጎረቤቶች ተጣርተን ከኋላዋ ተደረደርን፤ ባለቤቴ መኻሉን ያዘ። «በማርያም!» ብለን ገፋን። ተንቀሳቀሰች። ቁልቁለቱን ስትይዝ የባለቤቴ እግር ጭቃው ላይ ሾረተና በአራት እግሩ ከጅራቷ ኋላ ተደፋ። ልክ ያኔ ደሳለኝ ማርሽ አስገባ መሰለኝ፣ መኪናዋ ተንዘፈዘፈችና ዷ! አለች።

«ገደለችው!» ብለው እትዬ ዘውዴ ጮኹ።

ባለቤቴ ግንባሩን ይዞ ተነሳ። ፊቱ የድስት ቂጥ መስሏል። በሌላው እጁ ከኋላዋ ተፈናጥሮ የመታውን፣ እበት የተመረገበት ጥቅል ጨርቅ ይዟል። ጨርቁን አወቅሁት፤ የአሮጌ ቀሚሴ ቁራጭ ነው። ጎታችን ከታች እህል የሚወጣበት አፍ አለው፣ አይጥ እንዳይገባበት በጨርቅ ወትፈን በእበት እንመርገዋለን። በእጁ ያለው ያው ውታፍ ነው።

«ሞላ፣ የጎታ ውታፍ እዚህ ምን ይሠራል?»

ባለቤቴ ዓይኑን ጠረገ። «ማታ ከኋላዋ ያለው ቀዳዳ ተከፍቶ አየሁት። በዚህ ውሃ አይጡም እባቡም ደረቅ ቦታ ፍለጋ ነው፣ ይገባባታል ብዬ... ጎታስ አፉ ይደፈን የለ?»

መኪናዋ ተነስታ በዚያው ቀዳዳ ጭሷን እየተፋች ታጓራለች። አማቼ ጨዋ ልጅ ነው፣ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። በመስኮት ብቅ ብሎ «መልካም አድርገዋል አባባ። አይጥ አልገባም። አሁን ግን ቶሎ ይግቡ!» አለ።

የገፋው ሁሉ ተጭኖ ሄድን። ረባዳው ቦታ ስንደርስ ውሃው መንገዱን ይዞት ነበር። ደሳለኝ ሳያቆም ገባበት። ውሃ በበሩ ስር እየገባ እግራችንን አራሰን። ሕፃኑን ተቀብዬ ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ዓይኔን ጨፈንሁ። በዚያ መኻል ባለቤቴ «ቀዳዳዋ ተከፍቶ እኮ ነው፣ አሁን ውሃ ይገባባታል» አለ።

«የሚደፈን ቀዳዳ ካማረህ አፍህን ድፈን!» አሉት እትዬ ዘውዴ። መኪናዋ ግን እየተንገዳገደችም ቢሆን ወጣች።

አሁን ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ደሳለኝ ሊጠይቀን በመጣ ቁጥር፣ ከመነሳቱ በፊት መኪናዋን ዞሮ ጎንበስ ብሎ ከኋላዋ ያያል። ባለቤቴ «ምን ጠፋብህ?» ሲለው «ጎማውን ልይ ብዬ ነው አባባ» ይላል።

ሳቁ ግን ቆይቶ የመጣ ነው። ያን ዕለት ወረታ ስንገባ አልሳቅሁም። አስፋልቱ ዳር ወርጄ እግሬ ደረቅ መሬት ሲረግጥ፣ ልጄን አየሁ፣ የልጅ ልጄን አየሁ፣ የጠቆረውን ባሌን አየሁ። እትዬ ዘውዴም ከነዶሯቸው አሉ። «ደርሰናል» አልሁ። «ሁላችንም ደኅና ነን።»