በሹክሹክታ የሚወርዱት ሰውዬ

ከሜክሲኮ ወደ አብነት በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ቡናማ ኮታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። የሚንቀጠቀጠውን ቀኝ እጃቸውን ባርኔጣቸው ውስጥ ደብቀውታል። ፊታቸው ላይ ፈገግታም ኩርፊያም አይነበብም። ጌጃ ሰፈር ልንደርስ ስንል ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ድሮ ፍርድ ቤት ባለጉዳይ በስሙ የምጠራው እኔ ነበርኩ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ድምፄ ከችሎቱ እስከ ውጪው በር ይሰማ ነበር። ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ ነው እንዲህ ያደረገው።»

ሙዚቃው ስለሚጮህ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ባሏን ከሳ መጣች። ዳኛው ፊት ቆማ ቦርሳዋን ስትከፍተው...»

ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። ከፊት ያለችው ሴት «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብላ ስልኳን ዘጋች። ሾፌሩ ሳይቀር ሙዚቃውን አጠፋው። ታክሲው ጭጭ ሲል ሰውዬው በመስኮት አዩ፤ ልደታ ማርያም ደርሰናል።

«ወራጅ አለ» አሉ በዚያችው ሹክሹክታ። ሁላችንም ሰማን።

ረዳቱ በሩን ከፈተላቸው፤ ግን መንገዱን አልለቀቀም። «ፋዘር፣ የትናንቱንም እኮ አልጨረሱልንም» አላቸው።

«ነገ» አሉና ባርኔጣቸውን በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው አጥልቀው ወረዱ። ፊታቸው ላይ አሁንም ምንም አይነበብም።

እኔ መውረድ የነበረብኝ ጌጃ ሰፈር ነበር። መውረጃዬን ያለፍኩት ጤነኛ ድምፄን ይዤ ነው።