ዳቦና ሰርዲን ይዘን ወደ ስኮትበርግ

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት፦ ከቤሪያ ወደ ጻካኔ

ከምኖርበት የፎቅ ሰፈር ከቤሪያ ስነሳ ገና አልነጋም። ለሥራ የመጣሁበት የዚህ አገር የብርድ ወቅት ነው። የፎቆቹ ጥበቃዎች ብርድ ልብስ ተከናንበው በር በር ላይ ቆመዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ታክሲዎች ጥሩንባቸውን እየነፉ ያልፋሉ። ሁለት የተዋስኳቸው የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ከኋላ መቀመጫ እስከ ፊት መስተዋት ተጋድመዋል።

የምሄደው ማቴዎስን ለመውሰድ ነው። ማቴዎስ የታናሽ እህቴ ባል ነው፤ ሆሳዕና አብረን ተምረናል። ከከተማው ወጣ ባለው ሰፈር በጻካኔ ውስጥ ከጓደኛው ከኤርሲዶ ጋር ስፓዛ የሚባል የሰፈር ሱቅ አላቸው፤ የሚተኙትም እዚያው ከዕቃው ጀርባ ነው። ከሰባት ወር በፊት ሱቁ በመሣሪያ ከተዘረፈ ወዲህ ማቴዎስ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ወጥቶ አያውቅም። ቸርች እንኳ ቀርቷል። እህቴ ደውላ፣ «ስልክ ላይ ደህና ነኝ ከማለት ሌላ አንድ ቃል አይወጣውም። እባክህ አንድ ቀን ከዚያ ቤት አውጣው» አለችኝ።

ያኔ ትዝ ያሉኝ እንደ አጎት «አንክል» የምንላቸው ጎቪን ናቸው። የመሥሪያ ቤታችን የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ፤ አያቶቻቸው ከሕንድ የመጡ የደርባን ሰው ናቸው። ጡረታ ወጥተው ከደርባን በታች ስኮትበርግ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ይኖራሉ። «ናና ዓሣ ማጥመድ ላስተምርህ» ሲሉኝ ቆይተዋል።

ማቴዎስ ሳይሸጥ ያደረ አራት ዳቦ በፌስታል ይዞ ጠበቀኝ።

«ለመንገድ ይሆነናል» አለ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶም በሩን ወዲያው ቆለፈ።

ረፋድ 3 ሰዓት፦ ሃሪስሚዝ

ከሃይደልበርግ ወዲህ መንገዱ የታጨደ በቆሎ ብቻ ነው፤ ቢጫ ሜዳ፣ ነጭ ውርጭ፣ ረጅም የጭነት መኪና፣ እንደገና ቢጫ ሜዳ። ነዳጅ ማደያው ጋ ሻይና ትኩስ ፓይ ልንገዛ ቆምን።

«አንተ ግባ። እኔ ዕቃውን እጠብቃለሁ» አለኝ።

ዕቃው ሁለት ዘንግና አራት ዳቦ ነው። ሻዩን በመስኮት አቀበልኩት። ከተራራው ቁልቁል ስንወርድ ከመንገዱ ዳር የሚግጡ ከብቶች አይቶ፣ «ደህና ሣር አላቸው» አለ።

ከሰዓት 8 ሰዓት፦ ስኮትበርግ

አንክል ጎቪን በር ላይ በነጠላ ጫማ ተቀበሉን። እዚህ ብርድ የለም። መሐሉ ተቦርቡሮ የባቄላ ወጥ የተሞላበት ግማሽ ዳቦ ለእያንዳንዳችን ሰጡን። ማቴዎስ ባሕር ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። እየበላ ዞር ይልና ያያል፤ ደግሞ ይበላል።

ከምሳ በኋላ ባልዲ መጣ። በበረዶ የደረቀ ሰርዲን ዓሣ መንገድ ላይ በሰባ ራንድ ገዝተናል። አንክል ዓሣውን ከእነ አንጀቱ ከትፈው ባልዲ ውስጥ ጨመሩና፣ «ዳቦውን ወዲህ በል» አሉ።

ማቴዎስ ፌስታሉን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ። «ዳቦውን ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ከዓሣው ጋር ታሽቶ ባሕር ውስጥ ይጣላል። ዓሦቹ ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ። ቻም ይባላል።»

ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «እህል ይጣላል እንዴ? የሚበላ ዳቦ ነው እኮ።»

ያደግንበት ቤት መሬት የወደቀ ቁራሽ ተነስቶ የሚሳምበት ቤት ነው። አንክል ፊቱን አይተው ነገሩ የገባቸው መሰለኝ፤ ከወጥ ቤት የሻገተ ዳቦና ትንሽ የበቆሎ ዱቄት አመጡ። የእሱን አልነኩም።

እኔ እንደ ጀማሪ ቸኮልኩ። ባሕሩ ዳር አለቱ ላይ እንደደረስን የባልዲውን ግማሽ በአንዴ ገለበጥኩት። ማዕበሉ ጠርጎ ወሰደው። ትንሽ ቆይቶ ወፎቹ ራቅ ብለው፣ የማጥመጃ ክራችን ከማይደርስበት ቦታ፣ ውሃው ላይ ሲረባረቡ አየን።

አንክል፣ «ዓሦቹ አሁን እዚያ ናቸው» አሉ። «አብልተህ ሸኘሃቸው። መጥራት ሌላ፣ መመገብ ሌላ።»

እስኪመሽ አንድም አልያዝንም።

እሑድ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፦ አለቱ ላይ

ስነሳ ማቴዎስ ጓሮ ተቀምጦ በባልዲው የተረፈውን ዓሣ እያሸ ነበር። ትናንት የሳሳለትን ዳቦ ራሱ ፈርፍሮበታል፤ አንዱን ብቻ ለቁርስ አስቀርቷል። አንክል እንዳሉት እርጥብ አሸዋ ጨመረ፤ እንዳይንሳፈፍ፣ ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ጨብጦ ያያል፤ ሲበተንበት ውሃ ያርከፈክፋል። ግማሹን አድበልብሎ ቀሪውን በሽንኩርት መረብ ከረጢት ሞልቶ በገመድ አሰረው።

አለቶቹ መካከል ማዕበሉ ነጭ አረፋ እየሆነ የሚገባበት ጠባብ ቦይ አለ። ከረጢቱን እዚያ አወረደው። ሞገዱ በመጣ ቁጥር ከረጢቱ ይጨመቃል፤ ደመና የመሰለ ነገር ይወጣል። ማቴዎስ ደግሞ በየጥቂቱ ሎሚ የምታህል ድቡልቡል ይጥላል። አንክል ራቅ ብለው ያጠምዳሉ። እኛ ጎን ለጎን ተቀምጠን ክራችንን እናያለን።

ያኔ ነው፣ ሳልጠይቀው፣ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ የተናገረው።

«ከሦስቱ አንዱን አውቀዋለሁ።»

«ከየትኞቹ?»

«ከዘረፉን። ፊቱን ሸፍኗል፤ ድምፁን ግን አወቅኩት። ‹ማይ ፍሬንድ፣ ተኛ› አለኝ፤ ሁልጊዜ እንደሚጠራኝ። ከኛ በላይ ባለው መንገድ ነው የሚኖረው። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ዳቦ ከእኔ ይገዛል።»

«አሁንም?»

«አሁንም። ሳውቦና ብሎ ሰላም ይለኛል፤ ሳውቦና እለዋለሁ። ዳቦውን ስሰጠው ቀና ብዬ አላየውም። እንዳወቅኩት ካወቀ ይገድለኛል ብዬ አስባለሁ። ለኤርሲዶም አልነገርኩትም። ከሰውየው ጋር ይጣላል ብዬ።»

ሰባት ወር ሙሉ በየሳምንቱ እየደወልኩ «በርታ፣ ያልፋል» እለው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ ምን ሆንክ አላልኩትም። ይህን ነገርኩት።

«አንተም ሥራ አለህ» አለ።

«ሥራ ስላለኝ አይደለም። መስማቱን ፈርቼ ነው።»

ያኔ የማቴዎስ ዘንግ ጫፍ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና አለ። ማቴዎስ ብድግ ብሎ መጠቅለል ጀመረ፤ አንክል እየሮጡ መጡ፤ «ቀስ፣ ቀስ» ይላሉ። ወጣ። ብርማ፣ ጠፍጣፋ፣ ጅራቱ አጠገብ ጥቁር ነጥብ ያለበት ዓሣ ነው። ለካነው፤ ሕጉ የሚፈቅደውን ያህል አድጓል። ከዚያ በኋላ ሁለት ያዘ፤ አንዱ ትንሽ ስለነበር መለሰው። እኔ ምንም አልያዝኩም።

ማታ 12 ሰዓት፦ ጻካኔ፣ ከዚያ ቤሪያ

በመመለሻው መንገድ ሃሪስሚዝ ስንቆም ከመኪናው ወርዶ ሻዩን ራሱ ገዛ።

ሱቁ ጋ ስንደርስ ማቴዎስ ሁለቱን ዓሦች ይዞ ገባ። እኔ በሩ እስኪቆለፍ ብዬ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ገብቶ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ከሩብ ሰዓት በላይ ቆየ፤ ከውስጥ የኤርሲዶ ድምፅ አንዴ ከፍ ብሎ ወረደ። ከዚያ ማቴዎስ ብርድ ልብስና ሻንጣ ይዞ ወጣ።

«ለኤርሲዶ ነገርኩት» አለ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን እያሰረ። «ሱቁን ይሸጣል። ዛሬውኑ ዘግቶ ወንድሙ ዘንድ ቴምቢሳ ያድራል። እኔ ሥራ እስካገኝ አንተ ጋ ነኝ።»

«ሶፋው አጭር ነው።»

«እግሬን አጥፋለሁ።»

ኤርሲዶ ሱቁን ቆልፎ ታክሲ እስኪሳፈር ጠበቅነው። ዋናው መንገድ ላይ ሳንወጣ ማቴዎስ እንቅልፍ ወሰደው፤ አፉን ከፍቶ፣ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ ጥሎ። ቤሪያ ስንደርስ ምድር ቤት ካለው ማቆሚያ አስገብቼ ሞተሩን አጠፋሁ። ልቀሰቅሰው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። መቀመጫዬን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጌ፣ ራሱ እስኪነቃ አብሬው ቆየሁ።