ልጄ ጥፍሯን መብላት የተወችበት ክረምት

ባለቤቴ ለሥራ ወደ አረብ አገር የሄደች ሰሞን ልጃችን ጥፍሯን መብላት ጀመረች። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ላይ ልብ አላልኩም። አዲሱ ገበያ ካለችው የሞባይል መጠገኛ ሱቄ የምመለሰው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ልጅቷ ቀኑን የምትውለው ከእናቴ ጋር ነው። አንድ ቅዳሜ ገላዋን ሳጥባት ሳሙናው ጣቷን ነክቷት ጮኸች። እጇን ገልበጥ አድርጌ ባየው የጥፍሮቿ ዳር ደም ቋጥሯል፤ የአውራ ጣቷማ ግማሹ የለም።

እናቴ ሬት ቀባቻት። ልጄ ፊቷን እያጨማደደች ሬቱን ልሳ ጨረሰችና መብላቷን ቀጠለች። ተቆጣናት፣ ለመንናት፣ ጓንት አጠለቅንላት። ጓንቱን በጥርሷ ቀደደችው።

ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እናቴ ሐኪም ቤት ቀጠሮ የነበራት ቀን ልጄን ሱቅ ይዣት ሄድኩ። የአንዱን ደንበኛ ስክሪን ስቀይር እሷ ለካ አጠገባችን ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት ገብታለች። ስትመለስ ጥፍሮቿ በሙሉ ሮዝ ሆነዋል። እጆቿን ከፊቷ አርቃ ዘርግታ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው።

“አባዬ፣ እንዳትነካኝ! አልደረቀም።”

ተናደድኩ። በሰፈራችን የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት በመጣ ቁጥር ሊፒስቲክ የተቀቡ፣ ቅንድባቸው የተኳለ ትንንሽ ልጆች አያለሁ። ቀለሙ እንዳይበላሽ እየተባሉ ኬክ እንኳን እንደ ልባቸው አይበሉም። የእኔ ልጅ እንዲህ አትሆንም ብዬ ነበር። በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄድኩና የቤቱን ባለቤት፣ “እንዴት ሳትጠይቂኝ?” አልኳት።

“ይቅርታ ወንድሜ፣ ጥፍሯን አይቼ አንጀቴን በላችው” አለችኝ። “አፍሽ ውስጥ ካስገባሽው ይበላሽብሻል ብያታለሁ። እስቲ ዛሬን ዝም ብለህ እያት።”

አየኋት። ጣቷ ወደ አፏ ይሄድና ሮዙን ስታይ መልሳ ታወርደዋለች። ከሰዓቱን ሙሉ እንደዚያ ዋለች።

ቤት ስንገባ ግን እናቴ ጮኸች። “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? እሑድ የምትቆርብ ልጅ! እንዲህ ሆና ነው ቤተ ክርስቲያን ይዣት የምገባው?”

ልጄ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። “ካስለቀቃችሁኝ መብላቴ ነው!” አለችና አለቀሰች።

በነጋታው መድኃኒት ቤት ገብቼ ስለ ጥፍር ቀለሙ ጠየቅኩ። ፋርማሲስቷ፣ ጥፍሯን የምትበላ ልጅ ቀለሙንም እየፋቀች መዋጧ እንደማይቀር ነገረችኝ። ማታ በቪዲዮ ስንደዋወል ለባለቤቴ ነገርኳት። “እኔ ብኖር ኖሮ እሺ አልልም ነበር” አለች። “ግን አልኖርኩማ። በቃ እናንተ እንደሚሆን አድርጉት።”

ቅዳሜ ዕለት በጥጥና በአሴቶን አስለቀቅኳት። አልታገለችኝም፤ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ እያየች እጇን ሰጠችኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጣቷ ተመልሶ አፏ ውስጥ ገባ።

እናቴ ይህን ከበር ላይ ሆና አየች። ሰኞ ገበያ ወጣችና በፌስታል የሆነ ሥርና የጉሎ ቅጠል ይዛ ተመለሰች።

“እንሶስላ ነው” አለችኝ። “እኛ ልጆች ሆነን ለበዓል እንሞቀው ነበር። የእጃችን ቅላት እንዳይለቅ እያልን ዕቃ ማጠብ ራሱ ያሳሳን ነበር።”

“እማዬ፣ ባለፈው ቀለም ነውር ነው ስትይ አልነበር?”

“እሱ የሱቅ ነው። ይሄ የእናቴ ነው” አለችና ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ሰንብቷል።

ሥሩን ወቅጣ የልጄን የጣት ጫፎች ለበጠቻቸው፤ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ በጨርቅ አሰረቻቸው። ከዚያ የራሷን ግራ እጅ ዘርግታ፣ “በይ አሁን አንቺ ደግሞ ለእኔ አድርጊልኝ” አለቻት። ልጄ እጇ ታስሮ እንዴት እንደምትቀባ ግራ ቢገባት እኔ ቀባሁ። ለሞባይል ማዘርቦርድ በለመደ እጄ የእናቴን ጣቶች ስጠቀልል ሁለቱ እየተጎሻሸሙ ይስቁብኝ ነበር።

ጠዋት ጨርቁ ሲፈታ ጥፍሮቿ የበሰለ ቲማቲም መስለዋል። ወደ አያቷ ሮጣ እጅ ለእጅ አስተያየች። በዚያው ቀን ጥፍሯን አልበላችም ብል ውሸት ነው። በላች። ግን አያቷ ከወዲያ ማዶ የራሷን እጅ ከፍ አድርጋ ስታሳያት ትተዋለች። ቀስ በቀስ ማንም ሳያሳያት መተው ጀመረች።

ዛሬም ደንበኞቼ ሕፃን ልጅ ትቀባ አትቀባ እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ፊቷን ለማስቀባት አሁንም እሺ አልልም። ስለ ጥፍር ግን እንደ በፊቱ ቶሎ አልፈርድም።

መስከረም ላይ እንሶስላው ወደ ጥፍሯ ጫፍ ተገፍቶ፣ ከሥሩ ንጹሕ፣ ያልተበላ ጥፍር ወጣ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ራሷ የጥፍር መቁረጫ አምጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች።

“ረዝሟል፤ ቁረጥልኝ” አለችኝ።

ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፈን ለእናቷ ደወልን፤ እሷ እያየች ቆረጥኩላት።