ለሳሩ የተተከለው ድንኳን

ነገሩ የሆነው አምና በሁዳዴ ጾም ነው። የሰፈሬ ሰው ባገኘኝ ቁጥር እያነሳ ይስቅብኛል፤ እያደር ደግሞ ያልነበረ ነገር እየጨመሩበት መጡ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። ቢሆንም እውነቱን እኔው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

እኔና ባለቤቴ የሺ ወሎ ሰፈር ከአምስት አባወራ ጋር በአንድ ግቢ ስንኖር ነው ያረጀነው። እዚያ እያለን የሺ በጣሳ አበባ ትተክላለች፣ የጎረቤት ልጆች በኳስ ይመቱባታል። «የራሴ ጓሮ ቢኖረኝ እኮ ሳር ላይ እግሬን ዘርግቼ እቀመጥ ነበር» ትላለች ሁልጊዜ። ልጃችን ሰብለ ሰሚት ቤት ሠርታ ስትወስደን ታዲያ መጀመሪያ ያየችው ጓሮውን ነው። ጓሮ አይባልም። ግንበኞቹ የብሎኬት ስባሪ፣ ጠጠር፣ የደረቀ ሲሚንቶና ጠማማ ሚስማር ጥለውበት ሄደዋል። የሺ ቆማ አየችው፣ አየችውና «ይሁን፤ እጅ አለን» አለች።

ከዚያ በየቅዳሜው ሦስታችን እንወርድበት ጀመር። ሰብለ ከስልኳ ላይ የፈረንጅ ጓሮ ታሳየናለች፣ እኔ እቆፍራለሁ፣ የሺ ታዛለች። ሦስት ወር ፈጀብን። ቀይ አፈር አስመጣን፣ ደለደልን፣ በመጨረሻ እንደ ምንጣፍ በቁራጭ በቁራጭ የሚመጣውን ሳር አነጠፍን። ሳሩን የሸጠልን ሰውዬ «ካነጠፋችሁት በኋላ በደንብ ርገጡት፤ ሥሩ ከአፈሩ ጋር ካልተጣበቀ ይደርቃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ደግሞ ከፀሐይ ከልሉት» ብሎን ነበር።

የሺ ርገጡት የሚለውን እንዳልሰማች ሆነች። «ማንም እግሩን እንዳያሳርፍበት! ስንት የደከምኩበትን?» አለች። እኔ ራሴ ግድግዳውን ይዤ በዳር በዳር ነበር የምሄደው።

በዚያ ሳምንት ፀሐዩ አናት ይበሳል። ውሃ በፈረቃ ነው፣ የኛ ተራ አልደረሰም። በሦስተኛው ቀን ሳሩ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆነ። ረቡዕ ዕለት የሺ ቅዳሴ ልትሄድ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ጓሮ ብቅ አለች። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ወጣች። ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር ለሳር ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

ጥፋቱ እንግዲህ እዚህ ላይ ይጀምራል። እኔ ሰሚት ከገባን ጀምሮ የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ነኝ፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከኪሴ አይወጣም። ድንኳኑ ያለ ዳኛው ፈቃድ አይነካም። ይህን ደንብ ለአዲስ አባል የማስረዳውም እኔው ነኝ። ግን ድንኳኑ ታጥፎ ተቀምጧል። ሰው አልሞተም፣ ሳሩ ደግሞ እየሞተ ነው። «የሺ ከቅዳሴ እስክትመለስ ብቻ» አልኩና ትንሹን ድንኳን በጋሪ አስጭኜ፣ ከባለ ጋሪው ጋር ሆነን ጓሮ ተከልነው።

ጥላው ሲያርፍበት ሳሩ ራሱ እፎይ ያለ መሰለኝ። ባለ ጋሪው ሄደ። እኔም ጾሙ አድክሞኛል፤ ድንኳኑ ሥር፣ ከሳሩ ዳር ያለችው ሲሚንቶ ላይ ጋደም አልኩ። ዝንቡ አላስቀምጥ ሲለኝ ጋቢዬን እስከ ራሴ ተከናነብኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጎረቤታችን ብርቄ ፎቅ ላይ በረንዳዋ ላይ ልብስ ስታሰጣ ቁልቁል አየች። የእድር ድንኳን ተተክሏል። ከሥሩ ሰው ከእግር እስከ ራሱ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ከዚህ በላይ ማን ይንገራት?

የነቃሁት በጩኸት ነው። «ወይኔ ጋሼ! ወይኔ ደጉ ጋሼ!» የሚል የሴት ድምፅ ከመንገድ ይሰማል። የቱ ጋሼ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ሰፈሩ ውስጥ ጋሼ የማይባል ሽማግሌ የለም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ሰው ሞቷል። ድንኳን ሊፈለግ ነው። ድንኳኑ ደግሞ ያለው እኔ ጓሮ!

ብድግ ብዬ ገመድ መፍታት ጀመርኩ። አንዱን ፈታሁ፣ ሁለተኛውን ፈታሁ። ሦስተኛው ላይ ምሰሶው ዘመመና ድንኳኑ እንዳለ ላዬ ላይ ተደፋ።

ወዲያው የግቢው በር ተከፈተ። እኔ ሸራው ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። የሰው ኮቴ፣ ለቅሶ፣ «አግዳሚ አምጡ» የሚል ድምፅ። ከሁሉ የሚጎላው የእድራችን ዳኛ የደጀኔ ድምፅ ነው። ደጀኔ እኩያዬ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ጎደለ ብሎ በስብሰባ ፊት ያቆመኝ ሰው ነው። አሁን ድምፁ ተሰብሮ፣

«እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው ከየት ይገኛል! አንዲት ማንኪያ እንኳ ያለ ፈቃድ ያላወጣ!» ይላል።

የሞትኩት እኔ እንደሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ። መውጣቱ አሳፈረኝ። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ብቆይ ሌላም ይሉልኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ግን የሸራው አቧራ አፍንጫዬ ገባና አስነጠስኩ።

አንዲት ሴት «በስመ አብ!» አለች። ሸራውን ገልጬ ራሴን አወጣሁ። ብርቄ ባለችበት ቁጭ አለች። ደጀኔ እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ እኔን አየ፣ ድንኳኑን አየ፣ መልሶ እኔን አየ።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው?»

«ሳሩ» አልኩት።

እንባውን በመዳፉ ጠረገና «ድንኳኑንስ ማን ፈቀደልህ?» አለኝ።

ቀና ስል ነጠላውን አዘቅዝቆ የለበሰ ሰው ሁሉ የየሺ ሳር ላይ ቆሟል። በዚህ መሀል የሺ ከቅዳሴ መጣች። በሩ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አይታ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ «የኔ ጌታ! ጥለኸኝ ሄድክ?» እያለች ሳሩን አቋርጣ ሮጠች። እኔ ለሷ ሁሌም «አንተ ሰውዬ» ነኝ፤ «የኔ ጌታ» ብላኝ አታውቅም። እላዬ ላይ ወደቀች፣ ፊቴን ዳበሰች፣ ትንፋሼን አዳመጠች። በሕይወት መኖሬን ስታረጋግጥ ዞር ብላ መሬቱን አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሳሬን!»

ያኔ ለቀስተኛው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ደጀኔ ራሱ ሳቀ። ለኔ ለቅሶ ብርቄ ቤት የተጣደው ንፍሮ መጣ፤ ድንኳኑም ተመልሶ ተተከለ። የሺ «እንግዲህ አንዴ ተረግጧል» ብላ መሀል ሳሩ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች። እስኪመሽ ድረስ ከዚያ አልተነሳችም።

እድሩ ቁልፉን ተቀብሎኝ ነበር። በወሩ ደጀኔ ራሱ ይዞት መጣ። «ለቅሶህ ላይ ታማኝ ነው ብያለሁ፤ አፌ አንዴ ተናግሯል፣ ምን ላድርግ?» ብሎ መዳፌ ላይ አኖረው።

ሳሩ አልሞተም። በተለይ ለቀስተኞቹ የቆሙበት ቦታ ከሁሉ ቀድሞ ለመለመ፤ ለካ ሻጩ ርገጡት ያለው ለዚህ ነበር። የሺ አሁን እንግዳ ሲመጣ «ግቡ፣ ርገጡት» ትላለች።

ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ፣ ደግሞ ደስ ይለኛል። ስሞት ማን እንደሚያለቅስልኝ አይቻለሁ፤ ይህን የሚያይ ስንት ሰው አለ? ዛሬም ከምሳ በኋላ እዚያው ሳር ላይ ጋደም እላለሁ። ዝንቡ የፈለገውን ያድርግ እንጂ ፊቴን ግን አልሸፍንም።