የጉሜ ግራ አፍንጫ

ልጅ ሳለሁ፣ ጣልያን አገሩን በያዘበት ዘመን፣ ከአንኮበር ዳገት ላይ በነበረችው ቤታችን ጧት ጧት የሚቀሰቅሰን የዶሮ ጩኸት ሳይሆን የጉሜ ማስነጠስ ነበር። ጉሜ ድመታችን ናት። ቀለሟ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ደጃችንን የሚሞላውን ጉም ስለሚመስል እንዲህ አልናት። ከታኅሣሥ ጀምሮ አፍንጫዋ መፍሰሱን አላቆመም ነበር። እኔ ያኔ ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ እቆጥር ስለነበር የእሷንም ማስነጠስ እቆጥራለሁ፤ ደህና ባደረችበት ጧት ዘጠኝ፣ በከፋባት ጧት አሥራ አራት።

ሌሎቹ ነገሩን ከቁብ አልቆጠሩትም። «አንኮበር ላይ አፍንጫው የማይፈስ ማን አለ?» ይል ነበር አያ ሽብሩ፣ የራሱን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ። አያ ሽብሩ የእናቴ አጎት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ክዳን ሲከድን ኖሮ ከአንዱ ጣሪያ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ከምድጃችን ርቆ አያውቅም። እናቴ በበኩሏ ብርድ ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አፍንጫዋን ቀባቻት፤ ያ አልሆን ሲል በጢስ አጠነቻት። ጉሜ ሁለቱንም ጊዜ ቧጨረቻት እንጂ አልዳነችም።

ነገሩ የድመት ጉንፋን ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አይጨነቅም ነበር። አባቴ ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገብቷል። በምሽጉ ያሉት የጣልያን ወታደሮች ደግሞ ባንዳ እየላኩ በየአውድማው ያገኙትን እህል ያስጭኑ ነበር። ስለዚህ እናቴ ገብሳችንን ሳትወቃ፣ ከነነዶው፣ ጓዳ ውስጥ ደበቀችው። ለጠየቀን ሁሉ «ዘንድሮ ውርጭ መታን፤ ባቄላ ብቻ ነው ያለን» እንላለን። አውድማችንም ባዶ ስለነበር ሰው ያምነናል። ያ ገብስ ግን ለበልግ የምንዘራው ዘር ነበር፤ እሱ ካለቀ የሚመጣውን ዓመት የምንሻገርበት ሌላ ነገር አልነበረንም። ከአይጥ የምትጠብቀው ጉሜ ብቻ ነበረች። አፍንጫዋ ከተደፈነ ወዲህ አይጥ በአጠገቧ ቢያልፍ እንኳ አታሸትም። በፊት በሳምንት ስድስት ሰባት ታመጣ የነበረችው ድመት በጥር ወር ሙሉ ያመጣችው ሁለት ብቻ ነው።

እናቴም ቆረጠች። «ቅዳሜ ጋሽ ኑሩ ሲመጣ ቆላ ይውሰዳት። እኛ ሌላ ድመት እንፈልጋለን» አለች። ጋሽ ኑሩ የአልዩ አምባ ጨው ነጋዴ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ቆላ ሲመለስ እኛ ዘንድ ያርፋል። እኔ አለቀስኩ።

«ለድመት እንባ?» አለችኝ እናቴ። «ለአባትሽ አስቀምጪው።»

ዓርብ ሲመሽ አያ ሽብሩ እንደ ልማዱ ተረት ጀመረ። ላምባ ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር መብራታችን ፍሙ ብቻ ነበር፤ ያኔ ጢሱ ክዳኑ ሥር ተኝቶ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ የሽማግሌው ፊት አንዴ እየቀላ አንዴ እየጠፋ፣ ድምፁ ብቻ ሳይቋረጥ ይመጣል። የዚያን ምሽት ያወራልን ቤቱ ስለሚያፈስበት ሰውዬ ነበር። ሰውዬው ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ ይጎትታል፣ ሰማዩን ይራገማል፣ ካህን ጠርቶ ያስጸልያል፣ ዝናቡ ግን አልሰማውም። በመጨረሻ ሚስቱ፣ «አንተ ሰው፣ ጥፋቱ የዝናቡ ከሆነ ለምን በሁሉም በኩል አያንጠባጥብም?» አለችው። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቢያይ፣ ቁራ ለጎጆው ብሎ አንድ ጭብጥ ሣር ነቅሎበታል።

«ዝናብ ለሁሉ ይዘንባል» አለ አያ ሽብሩ፤ «የሚያፈሰው የተነቀለው ነው።»

ይህን እንዳለ ጉሜ ጭኔ ላይ አስነጠሰች። ፊቷን ወደ ፍሙ አዙሬ አየኋት። የረጠበው ግራው ብቻ ነው፤ ቀኙ ደረቅ። ሁለት ወር ሙሉ ማስነጠሷን ስቆጥር፣ የሚፈሰው ከሁለቱ ቀዳዳ ከየትኛው እንደሆነ አላየሁም ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ኑሩ መጣ። «ወላሂ፣ ጨው እንጂ ድመት ጭኜ አላውቅም» እያለ ሲስቅ፣ «ጋሽ ኑሩ፣ የሚፈሳት በግራ በኩል ብቻ ነው» አልኩት።

«ዝም በይ! ደግሞ ሐኪም ሆነሽ ቀረሽ?» አለች እናቴ።

እሱ ግን መሳቁን ተወ። «በአንድ በኩል ነው? እንግዲያው ብርድ አይደለም፤ የገባ ነገር አለ።» አንገቱ ላይ በክር ያንጠለጠላት፣ መንገድ ላይ እሾህ የሚያወጣባት ወረንጦ ነበረችው። ጉሜን በነጠላዬ ጠቅልለን ብርሃኑ ወዳለበት ወደ በሩ ወሰድናት። እናቴ ጭንቅላቷን ያዘች፤ እሱ «ቢስሚላህ» አለና ወረንጦዋን አስገባ። ጉሜ ጮኸች። ሲያወጣው የገብስ ጢም ነበር፤ የጣቴን አንጓ የምታህል፣ በንፍጥና በደም የተለወሰች። የገብስ ዛላ እጅጌያችን ውስጥ ከትተን ስንጫወት፣ እጃችንን ባወዛወዝን ቁጥር ወደ ላይ እየወጣ ወደ ኋላ እንደማይመለስ የማያውቅ ልጅ በእኛ አገር አልነበረም። ጉሜም ጓዳ ውስጥ በነዶው መካከል አይጥ ስታሳድድ አንዷን ጢም በአፍንጫዋ ስባት ኖሯል።

ደስታዬ ግን ሁለት ትንፋሽ ያህል እንኳ አልቆየም። የእናቴ ፊት አመድ መስሏል። ጋሽ ኑሩ ጢሟን በብርሃን አገላበጣት፤ በበሩ አሻግሮ ባዶውን አውድማችንን አየ፤ ቀጥሎ የጓዳውን መጋረጃ አየ። እሱም ቆጣሪ ሰው ነበር። በየመንደሩ ያድራል፣ ምሽጉ ድረስ ገብቶ ጨው ይሸጣል። አንዲት ቃል ብትወጣው ገብሱም እኛም አልቀናል። እናቴ ወራት የደበቀችውን እኔ በአንድ ጧት እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«የአጋም እሾህ ናት» አለ ጋሽ ኑሩ። «መንገዱ ሁሉ አጋም አይደል?» ምድጃው ዘንድ ሄዶ ፍሙ ላይ ጣላት፤ ብልጭ ብላ ጠፋች።

እናቴ ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ መጋረጃውን እንደ ወትሮው ከኋላዋ አልጣለችውም። በእፍኟ ገብስ ይዛ ወጣች፤ ሲቆላ ሽታው ጎረቤት ይደርሳል ብላ ከመከር ወዲህ ያልነካችውን ገብስ አሽታ ቆላችና በሰፌድ አቀረበችለት።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ጋሽ ኑሩ እናቴን፣ ገብሱን እየቆረጠመ፤ «ባቄላችሁ ይጣፍጣል፣ አስካለ።»

አያ ሽብሩ ሳቁን በጋቢው አፈነ። የእናቴም ጥርስ አባቴ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

ጉሜ በአራተኛው ቀን ሳታስነጥስ አደረች። በየካቲት ወር ዘጠኝ አይጥ አመጣች፤ ገብሱም በበልግ ተዘራ። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቆጥሬያለሁ፤ ከባዶ እጅ ተነሥቼ ወፍጮ እስከ መትከል ያደረሰኝም መቁጠሬ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽብኝ ሰማዩን ከመራገሜ በፊት «በየት በኩል ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ይህ ከአያ ሽብሩ ተረት የቀረልኝ ነው። ቆጥሮ ዝም ማለትን ግን ተረት አላስተማረኝም፤ ያየሁት ከጋሽ ኑሩ ነው። ዛሬም ሰው ቤት የገብስ ቆሎ ሲቀርብልኝ «ባቄላችሁ ይጣፍጣል» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ ቀልዱን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ዝም ብዬ እቆረጥማለሁ።