«አሳድሩኝ» ያልነው ጨዋታ

በሰቆጣ የመጀመሪያውን አስፈሪ የታሪክ ጨዋታ መጽሐፍ ያሳተምኩት እኔ ነኝ። የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ። እርግጥ መጽሐፍ ማለቱ ትንሽ ይበዛበታል፤ በስቴንስል ተባዝቶ በመርፌና ክር የተጠረዘ ነገር ነበር። ግን ጽፌዋለሁ፣ ታይፕ አድርጌዋለሁ፣ የማባዣውን እጀታ ክንዴ እስኪዝል አሽከርክሬዋለሁ፤ ሌላ ምን ቀረኝ?

ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ከገበያው በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ማመልከቻና የፈተና ወረቀት እየጻፍኩ እተዳደር ነበር። ጨዋታውን ያመጣብን ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ፈተና ሊያስባዛ መጥቶ ተራው እስኪደርስ አወራኝ። አንዱ ታሪክ ይመራል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሆነው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ መሳካቱ ሲያጠራጥር ዕጣ ይለያል። እኛ ሳንቲም እየወረወርን ዘውድ ወይ ጎፈር እንል ነበር። እሱ በከተማ የተጫወተው የደም፣ የጩቤና የመቃብር ታሪክ ነው።

«ይሄ እዚህ ማንንም አያስፈራም፤ የሚያስፈራውን እኔ እጽፈዋለሁ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ታሪኬ ይህ ነው። ደሃና ውስጥ ባለች አንዲት መንደር ሲመሽ አንድ ሰው ይመጣና «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። የእግዜር እንግዳን ከደጅ መመለስ ነውር ስለሆነ ያስገቡታል። ከገባ በኋላ እንቆቅልሽ ይጠይቃል። መልሱ የጠፋበት ሰው፣ ልጆች ሳለን እናደርግ እንደነበረው፣ አገር ይሰጠዋል። እንግዳውም «ገብቼ ምን አጥቼ!» ብሎ ይወጣል። በማግስቱ በዚያ አገር ጭስ የሚወጣበት ቤት አይገኝም።

መጀመሪያ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ስንሞክረው ማንም አልፈራ። ሲሸነፉ ለንደንን ሰጡ፣ ፓሪስን ሰጡ፤ አንዱማ የማይወደውን አለቃውን የትውልድ ከተማ ሰጠና አጨበጨበ። መምህሩ «ደም ጨምሪበት» አለኝ። እኔ የጨመርኩት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ተጫዋች መስጠት የሚችለው ራሱ አድሮበት የሚያውቀውን አገር ነው። ከዚያ ወዲያ በበዓል ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ጎረምሳው ሁሉ ድምፁ ይጠፋ ጀመር። ደስታዬን አልደበቅኩም።

ከሁሉ የምትበልጠው ተጫዋች የጎረቤቴ ልጅ ነበረች። እናቷ ከፃግብጂ መጥተው ከጎኔ ጠላ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ልጅቱ ፓስፖርቷ ወጥቶ ዓረብ አገር የምትሄድበትን ቀን ትጠብቅ ስለነበር፣ አንድ ቅጂ በሻንጣዋ ይዛ እንድትሄድ ብዬ ሕትመቱን አጣደፍኩት።

ለመጨረሻ ጊዜ ስንሞክረው እናቲቱ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው ጌሾ እየለቀሙ ያዳምጡ ነበር። ልጅቱ ተሸነፈች። በሕይወቷ ያደረችው በተወለደችበት መንደርና እዚሁ ሰቆጣ ብቻ ነው። እንግዳውን ሆኜ የምጫወተው እኔ ነበርኩና «አገር ስጪኝ» አልኳት።

«አልሰጥም፤ እኔን ውሰደኝ» አለች።

እንዲህ ያለ ነገር በደንባችን አልነበረም። መምህሩ ዓይን ዓይኔን አየ። እኔም አፌ ላይ እንደመጣልኝ «መልካም፤ ተነሺ እንሂድ» አልኳት።

እናቲቱ ጌሾውን በትነው ብድግ አሉ። «አይወስዳትም እቴ! ቤቴን ይውሰድ፣ መንደሬን ይውሰድ፣ ልጄን ይመልስ!» አማርኛው አልበቃቸውም፤ የቀረውን በኽምጣኛ ተናገሩት። ልጅቱ ሮጣ አቀፈቻቸው። ማንም አልሳቀ።

መምህሩ ራስን መስጠትም በደንቡ ይግባ፣ የተወሰደ ሰው ግን እንዳይመለስ ሆኖ ይጻፍ አለ። «ከተመለሰማ ምኑ ያስፈራል?» አለኝ፤ እውነቱን ነበር። በማግስቱ የመጨረሻውን ስቴንስል ታይፕ ልመታ ስቀመጥ እናቲቱ ገቡ።

«ልጄ፣ ያ እንግዳ ቤቴን ከወሰደ እሷን ይመልሳታል ወይ?»

«ቆይ እማማ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። ከዚያ እንዲህ ብዬ መታሁ፦ የተወሰደው ሰው ይመለስ እንደሆነ የሚናገረው በቤቱ ካሉት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ነው። መምህሩ አኮረፈኝ። ያኩርፍ! ከጻፍኩት ሁሉ ዛሬም የምኮራው በዚያች መስመር ነው።

ልጅቱ ቅጂዋን ይዛ ሄደች። የቀሩትም እጅ በእጅ ዞሩ፤ አንዱ በእግረኛ ሰሃላ ድረስ ደረሰ። በእኔ ቤት ሲሆን የዕድሜ ታላቅ ሁልጊዜ እናቲቱ ነበሩ። ጥያቄውን ሳንጨርሰው «ተመልሷል! ተመልሳለች!» ይላሉ። መምህሩ ጨዋታውን አበላሹት እያለ ቢያጉረመርምም አንድም ቀን አልቀረም።

ታዲያ አንድ ፋሲካ፣ ልጅቱ ስልክ መደወል ካቆመች ወራት አልፈው ሳለ፣ እንደ ልማዳችን ተጫወትን። መምህሩ «እማማ፣ የተወሰደው ይመለሳል ይላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። የቤቱ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። የራሴ ጨዋታ እኔኑ ያስፈራኝ ያን ቀን ነው።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው? እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

«ትመለሳለች እማማ» አልኩ ጮክ ብዬ። በራሴ ደንብ ይህን ለማለት ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም ነበር።